የጉቴው ግድግዳና የአባቴ በርኖስ

ባሌ ሞረዳ ዕድሜውን በገና ጨዋታ ፈጅቶ አንዲት ግብ እንኳ አላስቆጠረም። ይህን ስናገር የማያውቀው ሰው ይስቃል፣ ባሌን የማማ ይመስለዋል። እንዴ! ሥራው እኮ ማስቆጠር አልነበረም። ሥራው መቆም ነበር። ሌላው ሲሮጥ፣ ሲያልበው፣ ዱላውን እያወዛወዘ «በለው! በለው!» ሲል፣ ሞረዳ ከሁሉም ኋላ፣ ከሾላው ዛፍ ፊት፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ደጀን ይሉታል። ጥንጓ፣ የገናዋ ኳስ፣ ስትመጣ ይቀበላታል፣ ወደመጣችበት ይመልሳታል፣ ደግሞ ይቆማል። በወለጋ ምድር በመቆም ደመወዝ የበላ ከዘበኛና ከሞረዳ በቀር አላውቅም። እሱ ደግሞ ሁለቱንም ነበር።

ዛሬ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ከደጅ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና የትምህርት ቤት ልጆች ኳስ በእግራቸው ሲያንከባልሉ አይቶ ይተክዛል። ልጆቹ ዝናውን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፤ እየመጡ ይከቡታል። «ጋሼ ሞረዳ፣ በዱላ የተመቱት የቱ ጋ ነው?» ይሉታል፤ ቅልጥሙን ገልጦ ያሳያቸዋል። «ኑኑ ቁምባ ድረስ ሄደው ተጫውተዋል አሉ?» ይሉታል፤ ይተርክላቸዋል። «እውነት ማንም አልፎዎት አያውቅም?» ሲሉት ግን ብድግ ይልና «ላሚቱን ልያት» ብሎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ላሚቱን ከሸጥናት ቆይተናል።

እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ። እኔ ዓባይነሽ እባላለሁ፤ ነገሩ የኔም ነውና ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

አባቴ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በሹመት ነቀምቴ መጥተው በዚያው የቀሩ። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ጠጥቼ አደግሁ። አባቴ በዓመት ውስጥ የሚወዱት አንድ ቀን ነበራቸው፤ ገና። የነቀምቴ ሰው በዚያን ቀን ሁለት ይከፈላል። ላዮቹ የአባቴ ወገን ናቸው፤ ታቾቹ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ልጆች፣ ቡና ነጋዴው ኦቦ ነመራ የሚመሯቸው። ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ይገናኙና፣ ላዮቹ ጥንጓን ከሜዳው ግርጌ ካለው ሾላ ለማሳለፍ፣ ታቾቹ ደግሞ ከራስጌው ቋጥኝ ለማሳለፍ በዱላ ይጋፋሉ። እኛ ገና እንላለን፣ እነሱ ቂሌ ይላሉ፤ ቅልጥም ሲመታ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው የሚጮኸው።

ጨዋታው ሳይጀመር አባቴ በቅሏቸው ላይ ሆነው ያውጃሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ዛሬ ሹም የለ፣ ሎሌ የለ! የመታ አይከሰስ፣ የሰደበ አይታሰር! ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁሉም እኩል ነው!» ሕዝቡ እልል ይላል። ከዚያ ከበቅሎ ይወርዳሉ፣ ዱላቸውን ይይዛሉ፣ ጥንጓ ትሰጣቸዋለች፤ አባቴም እየተንቆራጠጡ ይነሣሉ። ያኔ የታቾቹን ሰዎች ብታዩ! አንዱን እሾህ ይወጋዋል። አንዱ ቀበቶው ይፈታበታል። ባይሳ የሚባል አንድ ብርቱ ጎረምሳ ነበር፤ እሱን ልክ በዚያች ሰዓት ማስነጠስ ይነሣበታል። አባቴ በዚህ ሁሉ በሽተኛ መሐል አልፈው ጥንጓን ከሾላው ያሳልፏታል፣ ሜዳው ይናወጣል፣ ማምሻውን በሬ ይጣላል። አዋጁ አዋጅ ነው፤ ግራዝማችም ግራዝማች ናቸው። ይህን የማያውቅ በከተማው አልነበረም። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ በዓለም ላይ እንደ አባቴ ያለ ተጫዋች የለም ብዬ አምን ነበር፤ አባቴም ያምኑ ነበር።

ኦቦ ነመራን ይህ ነገር አንገፈገፋቸው። ለቡና ሸመታ ጉቴ ወርደው ሳለ አንድ ጎረምሳ ሲጫወት አዩ፤ ማን እንደመጣበት ሳይጨነቅ ዝም ብሎ የሚመልስ። ወዲያው የመጋዘን ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት። ሞረዳ በነቀምቴ ሥራ የያዘው እንዲህ ነው። ቡና የሚጠብቅ ነው የተባለ እንጂ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ሥጋ እየተቆረጠለት፣ ከሥራ ሁሉ ነፃ ሆኖ ይከርም ነበር። ኋላ ዝናው ሲወጣ የኑኑ ቁምባ ሰዎች፣ የበሬ ጎዶሎ እንዳለበት ገበሬ፣ መጥተው ከኦቦ ነመራ ይዋሱት ጀመር። ጥጋቡን አብልተው፣ አጫውተው፣ በበቅሎ ይመልሱታል።

በመጀመሪያው ገና ከሰው ኋላ ቆሞ የአባቴን አዋጅ ሰማ። ሞረዳ የወንጌል ሰዎች ዘንድ ያደገ ነው፤ ቃል ቃል ነው ተብሎ የተማረ። ጌታ ራሱ በበቅሎ ላይ ሆኖ አልቆጣም ካለ አይቆጣም ብሎ አመነ። የከተማውን ሥርዓት ማንም አልነገረውም፤ ደግሞስ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይናገራል?

አባቴ ተነሡ። እሾሁ ወጋ፣ ቀበቶው ተፈታ፣ ባይሳ አስነጠሰ። አባቴ እየሳቁ ከሾላው ደረሱ። ሞረዳ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና ጥንጓን ከዱላቸው ሥር ወሰዳት። ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ በሹመት መቀመጫቸው ሣሩ ላይ ዘጭ አሉ።

አቤት ጸጥታው! የበቅሎዋ ጅራት ዝንብ ሲያባርር ይሰማ ነበር። አባቴ ቀይ ሆነው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ አዋጁ ትዝ አላቸው። ጥርሱን ያመመው ሰው እንደሚስቅ ሳቁ። ደግመው መጡ፣ ደግሞ ወሰደባቸው። ታቾቹም ድንገት ከበሽታቸው ሁሉ ድነው ላዮቹን አሸነፉ። የቡርቃ ጃቶ ልጃገረዶች አባቴን ከበው ያን ቀን ለዓመታት የታመቀውን ዘፈኑት፦

በቅሎዋ ቆማለች፣ ጌታዋ ወድቆ፣
የጉቴው ግድግዳ መቼ ተነቃንቆ!

አባቴ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ገቡና ወጡ ቀጠነ፣ ውሻው ጮኸ፣ ወንበሩ ጎረበጠ፣ እናቴ በዛብሽ ተነፈሰች፤ በሁሉም ተቆጡ።

ከተማው ሁሉ ሞረዳ በማግስቱ ይታሰራል ብሎ ጠበቀ። ግን እንዴት ይታሰር? ቢያስሩት «ግራዝማች በገና ተቆጡ» ሊባል ነው። አባቴ አንድ ሳምንት ቆይተው አስጠሩት። እጅ ነሥቶ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አዩትና፦

«ጉቴ ምን ትበላላችሁ?» አሉት።

«አንጮቴ፣ ጌታዬ። ሥሩን ቀቅለን በቅቤ። አጥንት ያጠነክራል ይላሉ።»

«ሂድ» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን አንጮቴ ገባ። እናቴ፣ የጎጃም ሴት፣ «ምነው፣ ጤፍ ጠፍቶ ነው ሥራሥር የምንምሰው?» ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ከቤቱ ጀርባም ጧት ጧት ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ እንሰማ ጀመር። እንጨት የሚፈልጡ መስሎን ነበር። እናቴ አጮልቃ ብታይ፣ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ብቻቸውን በገና ዱላ ጥንግ ይመታሉ።

እኔ ደግሞ ይህን የአባቴን ጠላት ልየው ብዬ ወደ ገበያ መመላለስ ጀመርሁ። ለማየት ብቻ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ሞረዳ የኦቦ ነመራን ጆንያ ተደግፎ ይቆማል። «አካም ጅርታ፣ ዓባይነሽ?» ይለኛል፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ከብቶቻችን ይጠይቃል፤ ሰላምታው ብቻውን ገበያውን ያስጨርሳል። በሰላምታ ብዛት ተዋወቅን። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልደብቅ? አንድ ቀን፣ «ሰው ሁሉ እየዘለለ ሲመጣብህ የት እንደሚሄድ በምን ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ «ሰው በዓይኑ ይዋሻል፣ በትከሻው ይዋሻል። ጉልበት ግን አይዋሽም። እኔ ሌላ አላይም፤ ጉልበቱን አያለሁ፤ ጉልበቱ ወደዞረበት ቀድሜ እገኛለሁ» አለኝ። ይህን ለኦቦ ነመራ እንኳ አልነገረም። ለኔ የነገረኝ ጊዜ እንደሚወደኝ ገባኝ።

ሽማግሌ ላከ። ጃርሳ ዋቅወያ የሚባሉ ደግ አዛውንት ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ሁላችንም አባቴ በውሻ ያባርሯቸዋል ብለን ፈራን። አባቴ ግን በትሕትና ተቀብለው፣ «የገና ማግስት ኑ፤ መልስ እሰጣለሁ» አሏቸው።

እንግዲህ ይህን የማይረዳ ሰው አለ? እናቴ ጓዳ ጠርታ፣ «ልጁ አባትሽን አንድ ጊዜ ያሳልፋቸዋል፣ እሳቸው ይሰጡሻል፤ በቃ» አለችኝ። እኔም ሄጄ ነገርሁት። አቀረቀረ።

«ማሎ፣ እባክሽ ዓባይነሽ፣ ኦቦ ነመራን ምን እላለሁ? የቡርቃ ጃቶን ልጆችስ?»

«የቡርቃ ጃቶ ልጆች ይወልዱልሃል?» አልሁት። «አንዲት ጥንግ ናት! ብታልፍ ትሞታለህ?»

የሚሞት መስሎ አየኝ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ።

ገና ደረሰ። አባቴ አወጁ፣ ወረዱ፣ ተነሡ። ሞረዳ ሁሉን ነገር ያውቃል፤ መውደቅ ግን አያውቅም። የወደቀ ሰው አይቶ እንጂ ወድቆ አያውቅማ! አባቴ ገና ሜዳው መሐል ሳሉ፣ እሱ ከሾላው ፊት በክርኑ ተደግፎ፣ ደክሞት ከእርሻ እንደተመለሰ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጋደም አለ። በሴቶች መሐል ሆኜ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

አባቴ ደረሱና ቆሙ። ጥንጓ ከእግራቸው ሥር ነች፤ ከፊታቸው ሾላው ብቻ።

«ታመሃል?» አሉት።

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«ወድቄ ነው፣ ጌታዬ።»

አባቴ ዘወር ብለው እሾህ የሚነቅለውን አዩ፣ ቀበቶ የሚያስረውን አዩ፣ አፍንጫውን የያዘውን ባይሳን አዩ። አንድ በአንድ። ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ የገና ድላቸው ምን እንደነበረ በፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሜዳው ሁሉ ሰማ፦

«ተነሣ! ተነሣና ቁም! ዓመቱን ሙሉ ሥራሥር የበላሁት በተኛ ሰው ላይ ለመራመድ ነው?»

ሞረዳ ተነሥቶ ቆመ። አባቴ ሄዱበት። ወሰደባቸው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። አባቴ ቅልጥማቸው አብጦ በትራስ ላይ አድርገውት፣ እንዲህ አሏቸው፦ «ልጁ ምንም አይወጣለትም። ግን ልጄን ብሰጠው አማቼ ይሆናል። አማች በአማቱ ላይ ዱላ ያነሣል?»

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ ጃርሳ ዋቅወያ። «ስሙን እንኳ አይጠራም፣ ፊት ለፊት እንኳ አያየውም!»

«እህ! በዚህ አገር በእውነት የሚቆምብኝ አንድ ሰው ቢገኝ፣ እሱንም በልጅ ልጣው? ያለፍሁት ዕለት በማግስቱ ኑና ውሰዷት።»

ሰማችሁ? አባቴ እስኪያልፉት ድረስ እኔ አልዳርም። እሱ ቢያሳልፋቸው ያውቁበታል፤ ካላሳለፋቸው ደግሞ ሞረዳን ማን አልፎት! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። በተከታዩ ገና አባቴ ከበፊቱ ወፍረው፣ ከበፊቱ ብሰው መጡ፤ ሞረዳ ሥራውን ሠራ፤ ሽማግሌዎቹም ደጃችን ድረስ ሳይደርሱ ተመለሱ። ከኔ በኋላ ጡት የጣሉ ልጃገረዶች እየተዳሩ ልጅ አዝለው ይሳለሙኛል። ዓባይነሽ ቆማ ቀረች መባል ተጀመረ። በዚያ አያያዝ የምዳረው አባቴ ሲያርፉ ነው፤ አባቴ ደግሞ በአንጮቴ ጠንክረዋል። ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር፤ በሁለቱም ላይ እየተናደድሁ።

አራተኛው ገና ሲቃረብ አንድ ጧት ቋ፣ ቋ ወደሚለው ድምፅ ሄድሁ።

«አባዬ፣» አልኋቸው፣ «ዘንድሮ በርኖስዎን ለብሰው ይጫወቱ።»

ጥቁር በርኖስ ነበራቸው፣ ለክብር በዓል የሚደርቡት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ።

«ምነው? ብርድ አለ?»

«ጉልበትዎን እንዳያየው። እሱ የሚያየው ጉልበት ብቻ ነው።»

ዱላቸውን አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ።»

«አንቺስ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ልዳር ነዋ!» አልሁ፤ ጮኼ ነው ያልሁት። «ሁለታችሁም ዱላ ይዛችሁ ስትተያዩ እኔ ላረጅ ነው?»

አባቴ መሬት መሬቱን አዩ። «ማታለል አይሆንም?» አሉ ኋላ፣ ቀስ ብለው።

«ልብስ አውልቃችሁ ተጫወቱ የሚል ሕግ አለ?»

«የለም» አሉ። «የለም። ደግሞም የሹመት ልብሴ ነው።»

የዚያን ዕለት ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ፀሐይ፣ በጥቁር በርኖስ፣ አባቴ እንደሚራመድ ድንኳን ሜዳ ወረዱ። ላዮቹ እንኳ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴ አወጁ፣ ጥንጓን ያዙ፣ ሄዱ። አሁንስ የሚያስነጥስ የለም፤ ባይሳ ከምር ገጠማቸውና ተንገዳግደው አለፉት፤ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። ሞረዳ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሞ ጠበቀ። ዓይኑ ጉልበት ፍለጋ ወረደ፤ ያገኘው ጨርቅ ነው። ቀና አለ፣ ደግሞ ወረደ። ጨርቁ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ፤ ሞረዳ ወደ ቀኝ ሄደ። አባቴ በግራ ወጡ። ጥንጓ ከሾላው አለፈች።

እኔ እልል ልበል፣ ላልቅስ አላወቅሁም። ሞረዳ ሾላውን እንደማያውቀው ነገር ያየዋል። ላዮቹ ግን እየተጠቃቀሱ ይጮኻሉ፦ «እሰይ ሞረዳ! አወቅህበት! በመጨረሻ ልብ ገዛህ!» ታቾቹም ያው ነው የገባቸው። አንድ ወፍራም ሽማግሌ፣ በዚያ ላይ በርኖስ ለብሶ፣ የጉቴውን ግድግዳ አለፈ ሲባል ማን ያምናል? ኦቦ ነመራ መጥተው፣ «ለሚስት ብለህ ሸጥኸን፤ ነገ መጋዘኔ እንዳላይህ» አሉት።

አባቴ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ጥንጓን በጉያቸው ይዘው ቤት ገቡ። «በዛብሽ፣» አሉ፣ «በዛብሽ፣ አለፍሁት እኮ!» ማዕድ ላይ ተቀምጠው ደግመው ነገሩን፣ ሳህኑን ሞረዳ፣ ጭልፋውን ራሳቸውን አድርገው አሳዩን። አባቴን እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ነገ እዳራለሁ ብዬ ልብሴን አጥቤ ሰጣሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነኝ። አባቴ ገና ሳይቀመጡ ልጄን ውሰዱ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጃርሳ ዋቅወያ፣ ያ ደግ ሰው፣ ያ አፈኛ ደግ ሰው፣ ቀደሟቸው።

«ግራዝማች፣» አሉ ዓይናቸውን ጥቅስ አድርገው፣ «እንግዲህ ልጁ ትናንት ያሳየዎትን አክብሮት አይተዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ አማች ከየት ይገኛል?»

«ምን አክብሮት?»

«ያው… መንገድ መልቀቁን ነዋ።»

አባቴ ቁጭ አሉ። ደስታው ከፊታቸው ሲወርድ ከመጋረጃው ኋላ አየሁት። «ለቆልኝ ነው?» አሉ። «አሁንም ለቆልኝ ነው?»

ጃርሳ ዋቅወያ ስህተታቸው ገባቸውና፣ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ሰው ሲያወራ…» እያሉ መርበትበት ጀመሩ።

«ካልሆነ ይማል!» አሉ አባቴ። «ይምጣና፣ አልለቀቅሁልዎም ብሎ በሚካኤል ይማል!»

«እነሱ አይምሉም፣ ጌታዬ። የወንጌል ሰዎች ናቸው፤ መሐላ ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ልጅ የለኝም። ሂዱ።»

ከግድግዳው ተደግፌ፣ ሁሉም ነገር አለቀ፣ ዓባይነሽ አለቀልሽ፣ አልሁ ለራሴ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲነሡ ውሻው ጮኸ፤ የአጥሩ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ሞረዳ ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳያገኝ የልጅቱን አጥር አይረግጥም፤ እሱ ረገጠ። ፀጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ዱላውን ይዟል። ደግሞም ሰላም አላለም! ሞረዳ! ሰላምታው ገበያ የሚያስፈታው ሞረዳ፣ እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይል ቤቱ መሐል ቆመ።

«ያውልቁት!» አለ።

«ምኑን?» አሉ አባቴ።

«በርኖሱን! ያውልቁትና ይምጡ! አሁን! ሜዳው ባዶ ነው!»

«ልጄ፣ በገና ጨዋታ እኮ አይቆ…» አሉ ጃርሳ ዋቅወያ።

«ገና ትናንት አልቋል! ዛሬ እቆጣለሁ!» ድምፁ ተሰበረ። «ሰው ሁሉ ሚስቱን በጥንግ ገዛ ይለኛል። ኦቦ ነመራ ከሥራ አባረሩኝ። እኔ መቼ ለቀቅሁ? ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው አደርሁ። አልለቀቅሁም! አልፈውኛል! በግራ ነው ያለፉኝ፣ ጉልበትዎን ደብቀው! ዳግመኛ ግን አያልፉኝም። ይምጡ! ጉልበቱንስ ማን ነገረዎት?»

ይህን ጊዜ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «እኔ ነኝ!»

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ! ሌላ አራት ገና ልጠብቅ?»

ሞረዳ እኔን አየ፣ አባቴን አየ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። ያ የሚያህል ሰው! እኔም አለቀስሁ፤ የጥፋተኝነት ግን አይደለም፣ የንዴት ነው።

አባቴ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። አጠገቡ ሄደው አገጩን በጣታቸው ቀና አድርገው ፊቱን መረመሩት፣ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ። ከዚያ ሳቅ ከሆዳቸው ተነሣ።

«ዋቅወያ! ና እየው! ና ቅረብና እየው! ይህ የለቀቀ ሰው ፊት ነው? ተሸንፏል! በጌታ ስም ተሸንፏል! ይህን ፊት እኔ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በመስተዋት ያየሁት ነው!» አቀፉት። አንገቱን አቅፈው ሳቁ፣ ሞረዳ በእቅፋቸው ውስጥ እንደ ግንድ ቆሞ። «መርቁ!» አሉ። «መርቁ፣ ልጅቱ የሱ ናት! መርቁ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ፣ ነገሩ ሳይገለበጥ ብለው፣ በችኮላ መረቁ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አሜን፣ አሜን። እናቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ሞረዳ ምርቃቱ ሲያልቅ፦

«ጨዋታውስ?» አለ።

«የምን ጨዋታ?» አሉ አባቴ፤ ዱላውን ከእጁ ቀስ አድርገው እየወሰዱበት። «አማች በአማቱ ላይ ዱላ ያነሣል? ነውር አይደለም እንዴ፣ ዋቅወያ?»

«ትልቅ ነውር ነው» አሉ ጃርሳ ዋቅወያ።

የቁጣው ወሬ በቀትር ከተማው ውስጥ ተዳረሰ፤ ኦቦ ነመራም ሰምተው፣ የሸጠ ሰው እንዲህ አይቆጣም ብለው፣ ራሳቸው መጥተው ወደ ሥራው መለሱት። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እስኪደክም ብዙ ገና ቆሟል፣ ማንም አላለፈውም። አባቴ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ሜዳ አልወረዱም፤ በርኖሳቸውን ደርበው ከበቅሎ ላይ ሆነው ያዩ ነበር፣ የሚፈልጉትን ጨርሰው እንደወሰዱ ሰው።

እንዲህ ነው። ባሌ ሌላ ጨዋታ ሊጠይቅ ገብቶ ሚስት ተሰጥቶት ወጣ። ከሁለቱ የትኛውን ይመርጥ እንደነበር ብዙ ጊዜ ልጠይቀው አስቤአለሁ፤ ግን ያን ዕለት ከአባቴ ቤት ሲወጣ ፊቱን አይቼዋለሁና፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።